«እንኳን በጊዜ ተገኘ» ከተባለ በኋላ የሚመጣው ሸክም

የጡት ካንሰር ለተገኘባት ሴት ከሚነገረው ሁሉ «እንኳን በጊዜ ተገኘልሽ» የሚለውን ያህል የሚደጋገም የለም። ጎረቤት ይለዋል፣ የመሥሪያ ቤት አለቃ ይለዋል፣ ሐኪሙም ይለዋል። ደግሞም እውነት ነው። የአሜሪካ የካንሰር መዝገብ እንደሚያሳየው፣ ካንሰሩ ከጡት ሳይወጣ የተደረሰባቸው ሴቶች ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የመገኘት ዕድላቸው ከሌሎች እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸር 99 በመቶ ነው። ወደ ሩቅ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ በኋላ ግን ይህ ቁጥር ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። በጊዜ መድረስ ሕይወት ያተርፋል፤ እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር የለም።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ድምዳሜ ነው። «ትንሽ እጢ ናት፤ ያወጡላታል፣ ያልቃል» ይባላል። በአገራችን ካንሰር ለረጅም ጊዜ የሞት ሌላ ስሙ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ «አትሞትም» የሚለው ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ቤተሰቡ ትልቁን ፍርሃት ይገላገልና ቀሪውን ሁሉ እንደ ትንሽ ነገር ያየዋል። በሞትና በመዳን መካከል ያሉት ወራትና ዓመታት ከሰው ዓይን ይሰወራሉ። በሦስተኛው ወር ባል ቤቱ ለምን እንደ ድሮው እንዳልሆነ ይገረማል። አለቃ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ይላል። ሴትየዋም በሕይወት መኖሯ ብቻ በቂ ምስጋና እንደሚያስፈልገው ስለተነገራት፣ ደከመኝ ማለት ምስጋና ቢስነት ይመስላትና ዝም ትላለች።

ደረጃ አንድ ወይም ሁለት መባሉ የሚናገረው ዕጢው እስከ የት እንደደረሰ ነው። ሕክምናው ምን ያህል እንደሚከብድና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ለማወቅ ሌላ ስሌት ያስፈልጋል፤ ይህን ስሌት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ ደግሞ እምብዛም አይገኝም።

ቀድሞ የተገኘው ለምን ይከብዳል?

ብዙ ሰው የሚያስበው በሽታው ትንሽ ከሆነ ሕክምናውም ትንሽ እንደሚሆን ነው። በጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይደለም። በሽታው ወደ ጉበት ወይም ወደ አጥንት ከሄደ የሐኪሙ ዓላማ ዕድሜ ማራዘምና ሥቃይ መቀነስ ነው። ስለዚህ ለስለስ ያለ መድኃኒት ሊመርጥ፣ መጠኑን ሊቀንስ፣ ሕመምተኛዋን ሊያሳርፋት ይችላል። ቀድሞ በተገኘው ላይ ግን ዓላማው ማዳን ነው። በምርመራ የማትታይ አንዲት ሕዋስ እንኳ ሰውነት ውስጥ እንዳትቀር መድኃኒቱ በሙሉ መጠኑ፣ በተያዘለት ቀን እንዲሰጥ ይፈለጋል። የመዳን ተስፋ ያላት ሴት ጠንካራውን መድኃኒት በጠበቀ ቀጠሮ የምትወስደው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው እጢ ብዙ ጊዜ አያምም። ሴትየዋ ሆስፒታል የገባችው በእግሯ፣ ቤቷን አስተካክላ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ነው። ሰው ታማ ሳያያት ሕክምናው ያሳምማታል። አንዳንድ ቤተሰብ «ደህና አልነበረች እንዴ? ሆስፒታሉ ነው የጣላት» የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው። አንዳንዷም ፀጉሯ ሲረግፍና አቅሟ ሲከዳት በሽታው የባሰባት ይመስላትና ኬሞውን (የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድለውን መድኃኒት) አቋርጣ ወደ ፀበል ትሄዳለች። ፀበልና መድኃኒት የግድ የሚጣሉ አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከፀበል ጋር እንዲወስዱ በአደባባይ መናገራቸው ይታወሳል። ችግሩ የሚመጣው መካከል ላይ ማቋረጥ ሲኖር ነው። ይህ ድካም ከመድኃኒቱ የሚመጣ መሆኑንና የሚያልፍ መሆኑን አስቀድሞ የነገራት ሰው ቢኖር ብዙዋ አታቋርጥም ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተለመደውን መንገድ እንከተለው። መጀመሪያ ናሙና ይወሰዳል፣ ውጤቱ ይጠበቃል፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን። ቁስሉ ሲጠግግ ኬሞ ይጀመራል፤ አንዳንዴ ኬሞው ይቀድማል። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሶሩቢሲን ከሳይክሎፎስፋሚድ ጋር 4 ዙር፣ ቀጥሎ ፓክሊታክሰል 4 ዙር፣ በየ3 ሳምንቱ ነው። ይህ ወደ 6 ወር ይጠጋል፤ እሱም የደም ቆጠራዋ ሳይወርድ፣ መድኃኒት ሳይጠፋ፣ ቀጠሮ ሳይገፋ ከሄደላት ነው። ጨረር ከታዘዘ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ለ3 ወይም ለ5 ሳምንት ትመላለሳለች። ከ100 ሕሙማን ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ዕጢው ኸር ቱ የሚባለው ፕሮቲን ይበዛበታል። ለእነሱ ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ ለአንድ ዓመት ይጨመራል፤ ዋጋው ግን ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ዕጢው በሆርሞን የሚመገብ ከሆነ ደግሞ ታሞክሲፌን ወይም መሰሉ ክኒን በየቀኑ ለ5 ዓመት፣ ለአንዳንዶች ለ10 ዓመት ይቀጥላል። «ያወጡላታል፣ ያልቃል» የተባለላት ሴት የመጨረሻዋን ክኒን የምትውጥበት ቀን ዛሬ አንደኛ ክፍል ያለው ልጇ ሁለተኛ ደረጃ የሚጨርስበት ሊሆን ይችላል።

የኬሞ ሳምንታት

ዶክሶሩቢሲን ቀይ ነው፤ በደም ሥር ሲገባም ቀይ፣ ከሽንት ጋር ሲወጣም ቀይ። ልብን ሊጎዳ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊት የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ፀጉር በመዳፍ ይዘው ሲስቡት ይከተላል፤ ቅንድብና ሽፋሽፍትም ይሄዳሉ። ማስመለሱን የሚያስታግሱ ጥሩ መድኃኒቶች አሉ። አፍ መቁሰሉ፣ የምግብ ጣዕም መጥፋቱ፣ ሽታ መጥላቱ ግን በአንድ ክኒን የሚመለስ አይደለም። የእኛ ቤት ደግሞ ሽታው ብዙ ነው። የሚቁላላው ሽንኩርት፣ በርበሬው፣ የሚቆላው ቡና፣ ዕጣኑ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት የሚጠራው መዓዛ ሁሉ በኬሞ ላይ ላለችው ሴት ያጥወለውላታል። ያንን ወጥ የምትሠራው ራሷ ከሆነች ደግሞ አስቡት።

እዚህ ላይ የመጠየቅ ልማዳችንን ማንሳት ግድ ይላል። የታመመን መጠየቅ ካሉን መልካም ነገሮች አንዱ ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ሆኖም ጠያቂ የሚበዛው ኦፕራሲዮን በተደረገች ሰሞን፣ ሁሉም በደነገጠበት ጊዜ ነው። ብርቱካን ይመጣል፣ ዳቦ ይመጣል፣ ሳሎኑ ይሞላል። ሦስተኛው ዙር ኬሞ ላይ ሲደረስ ጠያቂው ቀንሷል፣ ድካሙ ግን በየዙሩ እየተደራረበ ጨምሯል። ቀኑም አይገጥምም። ነጭ የደም ሕዋስ በአብዛኛው መድኃኒቱ ከገባ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ዝቅ ይላል። በእነዚያ ቀናት ጉንፋን የያዘው ሰው ገብቶ ጉንጯን ቢስማት ጉዳት ሊያመጣባት ይችላል። የሙቀት መጠኗ 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለባት፤ እስኪነጋ ማደር የለም። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልበሰለ ክትፎ «ደም ይተካል» ተብሎ ሲቀርብላት እምቢ ማለቷ ኩራት አይደለም።

ከጠያቂዎች መሃል በጣም የሚረዳው ቁጭ ብሎ የማይቆየው ነው። አጥሚት አምጥቶ፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ተቀብሎ፣ እንጀራውን ከውጭ ገዝቶ የሚሄደው። ሕመምተኛዋ እንግዳ ተቀባይ ሆና ቡና እንድታፈላ የሚያስገድዳት ጥየቃ ከዕረፍቷ ላይ ይወስዳል፤ ሴቶች ደግሞ «አይ፣ አትቸገሪ» ቢባሉም መነሣታቸው አይቀርም።

ፓክሊታክሰል ላይ ሲደረስ ማስመለሱ ይቀንሳል፤ ቤተሰቡም «አሁን ተሻላት» ይላል። ይህ መድኃኒት ጉዳቱን የሚያሳርፈው በጣትና በእግር ጫፍ ነርቭ ላይ ነው፤ መደንዘዝ፣ መቆጥቆጥ፣ ማቃጠል። ምስር ስትለቅም ጠጠሩ አይለያትም፣ ክር መርፌ ውስጥ አልገባ ይላታል፣ ደረጃ ስትወርድ እግሯ የረገጠውን አታውቅም። በአንዳንዶች ላይ ይህ ኬሞው ካለቀ ከወራት፣ ከዓመታትም በኋላ ይቆያል። ከውጭ አይታይም። ፀጉር ሲበቅል ሁሉም ያየዋል፣ ደስም ይለዋል፤ የደነዘዘ ጣት ግን እሷ ካልተናገረች ማንም አያውቅላትም።

ክንዷ

ስለ ጡት መቆረጥ ሲወራ ሰው የሚያስበው ስለ ደረቷ ነው። ከደረቷ ባልተናነሰ ኑሮዋን የሚቀይረው ግን ክንዷ ነው። በብብት ሥር ያሉት ሊምፍ ኖዶች፣ በተለምዶ ንፍፊት የምንላቸው፣ ሲወጡ ከክንድ የሚመለሰው ፈሳሽ መንገድ ያጣል። እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሞ የወጣ፣ ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመረመረ ሥራ፣ የብብት ንፍፊታቸው በሰፊው ከወጣላቸው ሴቶች ከ5 አንዷ ክንዷ እንደሚያብጥ አሳይቷል። መጀመሪያ ፈሳሽ የሚደርሳቸው ጥቂት ንፍፊቶች ብቻ ተመርጠው ከተወሰዱ ግን ቁጥሩ ከ100 ወደ 6 ገደማ ይወርዳል። እብጠቱ በወራት ውስጥ ሊመጣ ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። አንዴ ከሰነበተ መቆጣጠር እንጂ ማጥፋት ይከብዳል።

አሁን ይህን ክንድ ወደ ኢትዮጵያ ቤት እናምጣው። ሊጥ የሚቦካው በዚያ እጅ ነው። የሞቀ ምጣድ ላይ እንጀራ የሚጋገረው፣ ልብስ የሚታሸው፣ ጄሪካን የሚሸከመው፣ ሕፃን የሚታዘለው በዚያው ነው። ቃጠሎና ጭረት ደግሞ ላበጠ ክንድ የኢንፌክሽን በር ይከፍታል። ሐኪሙ «ከባድ ነገር አታንሺ» ብሎ ይሸኛታል፤ ቤት ስትደርስ ግን ከባድ ያልሆነ ሥራ የለም። ምክሩም ቢሆን ሙሉ አይደለም። ቀስ እያለ የሚጨምር የክንድ እንቅስቃሴ እብጠቱን እንደማያባብስ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ጉዳቱ ያለው ድንገተኛና ያልተለመደ ጫና ላይ ነው። እንቅስቃሴውን የሚያስተምራት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና ክንዷን የሚደግፍ አጥባቂ እጅጌ ያስፈልጋታል። እነዚህ ግን በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ላይ ብዙ ጊዜ አይገኙም። ወንዶችና ጎረምሶች ባሉበት ቤት ሊጡን ማን ያቡካ የሚለው ጥያቄ የሕክምናው አካል መሆኑን እስካልተቀበልን ድረስ፣ እያከምናት ነው ማለት ይከብደኛል።

ያው ደረጃ ሁለት ካንሰር በዋሽንግተንና በደሴ አንድ ዓይነት ሸክም የለውም። እ.ኤ.አ. በ1985 በርናርድ ፊሸር የተባሉት አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው እጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ሙሉ ጡትን ከማውጣት እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ አስመስክረዋል። ቃሉ ግን ቅድመ ሁኔታ አለው፦ ጨረር መኖር አለበት። በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት የጨረር ሕክምና የሚገኘው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። ጨረሩ በጊዜ እንደሚደርስ ዋስትና ከሌለ ቀዶ ሐኪሙ ጡቱን በሙሉ ማውጣትን ይመርጣል። አሁን ጅማና ሐረርን በመሳሰሉ ከተሞች አገልግሎቱ መጀመሩ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ሰፊውን አገር ገና አልደረሰም። ንፍፊትን መርጦ ማውጣትም መሣሪያና ሥልጠና ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናት ዕጢያቸው በሆርሞን የሚመራና ንፍፊታቸው ንጹሕ ከሆነ ሴቶች ብዙዎቹ ኬሞ እንደማያስፈልጋቸው በዘረመል ምርመራ መለየት እንደሚቻል አሳይቷል። ምርመራው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠይቅ በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን የተለመደ አይደለም። ሸክሙን የሚያቀሉት ግኝቶች ሁሉ ሀብት ላለው አገር ቀድመው ይደርሳሉ። የእኛዋ ሴት በጊዜ ብትደርስም ሙሉ ጡቷን፣ ሙሉ ንፍፊቷን ትሰጣለች፣ ሙሉ ኬሞውንም ትወስዳለች።

ዕድሜዋ፣ ቤቷ፣ ደመወዟ

በአውሮፓና በአሜሪካ የጡት ካንሰር በብዛት የሚታየው በ60ዎቹ ዕድሜ ገደማ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ1 ሺህ በላይ ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ግን መካከለኛ ዕድሜያቸው 43 ሆኖ አግኝቶታል። ስለዚህ የምንናገረው ልጅ ስለምታሳድግ፣ አንዳንዴም ገና ልጅ ስላልወለደች ሴት ነው። ኬሞ የሴቷን ዕንቁላል የሚያመርተውን ዕንቁልጢን ይጎዳል፤ የወር አበባ ሊቋረጥ፣ አንዳንዴም ላይመለስ ይችላል። ታሞክሲፌን እየወሰዱ ማርገዝ አይፈቀድም። በ32 ዓመቷ ሕክምና ለጀመረች ሴት የ5 ዓመት ክኒን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ስሌቱን ራሷ ታውቀዋለች፤ ሐኪሙ ግን ሳያነሣው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ክኒኑን ከወሰዱ በኋላ ለመውለድ እስከ 2 ዓመት ማቋረጥ ቢያንስ በአጭር ጊዜ በሽታው የመመለስ ዕድሉን እንዳልጨመረ አሳይቷል። ይህን መረጃ ማግኘት መብቷ ነው።

በድንገት የሚመጣ ማረጥ በሌሊት ላብ፣ በእንቅልፍ እጦት፣ በብልት መድረቅ፣ በፍላጎት መቀነስ ይገለጻል። ይህ በእኛ ዘንድ አይወራም። ባል እንደተጠላ ይሰማዋል፤ ሚስት ደግሞ ሰውነቷ ላይ ባለው ጠባሳ እንደተጠላች ታስባለች፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ሐኪሙ ሁለቱን አስቀምጦ «ይህ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው» ቢላቸው ስንት ቤት ከጥርጣሬ ይድን ነበር።

ደመወዙን ደግሞ እንየው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ ሁለት ወር በግማሽ፣ የመጨረሻው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። ይህን ከላይ ከጠቀስኩት የሕክምና መርሐ ግብር አጠገብ አስቀምጡት። ኦፕራሲዮኑና የቁስሉ መዳን የመጀመሪያውን ወር ይበላል። ኬሞው ሲጀመር ደመወዟ በግማሽ ወርዷል፤ ኬሞው ሲጋመስ ዜሮ ሆኗል፤ ጨረሩ ሲደርስ ፈቃዱ ራሱ አልቋል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች ያሰቡት ታይፎይድ ወይም የተሰበረ እግር ይሆናል። ከጎንደር ወይም ከጋምቤላ ለመጣችው ደግሞ የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ አብሯት የመጣው አስታማሚ ሥራ የፈታበት ቀን አለ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን የመሰሉ ድርጅቶች ከክልል ለሚመጡ ሕሙማን ማረፊያ እየሰጡ ብዙዎችን ታድገዋል፤ ከፍላጎቱ ጋር ሲነጻጸር ግን ጥቂት ነው። ጉሊት ላይ ለምትቸረችረውና ሰው ቤት ለምትሠራው አዋጁም አይደርስላት።

አሜሪካ ያሉ እህቶቻችንም ከዚህ አላመለጡም። የፌዴራል ሕጉ የሚሰጠው 12 ሳምንት፣ ያለ ክፍያ፣ እሱም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ቢያንስ አንድ ዓመት ለሠራ ሰው ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ የምትሠራ ሴት ሥራዋ ሰው ማንሣት ነው፤ ክንዷ እንዲያርፍ ብትፈልግ ሥራዋን፣ ሥራዋን ብታጣ ደግሞ የጤና መድኗን ልታጣ ትችላለች። አገር ቤት ያሉት ዘመዶቿ «አሜሪካ ነች፣ ጥሩ ሕክምና አላት» ብለው ሲረጋጉ እሷ በኬሞ መካከል ፈረቃ ትገባለች፤ ወደ አገር ቤት የምትልከውንም ገንዘብ ላለማቋረጥ ትታገላለች።

«ጨርሳለች» ሲባል

የመጨረሻው ኬሞ ቀን ቤተሰቡ የምስጋና ዝግጅት ያደርጋል። ተገቢ ነው። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን አስታማሚው ወደ ቤቱ፣ ጎረቤቱ ወደ ሥራው ይመለሳል፤ ከሴትየዋም የድሮዋ ሴት ትጠበቃለች። ከካንሰር ሕክምና የሚመጣው ድካም በእንቅልፍ የማይለቅ ነው፤ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ስም መርሳት፣ የጀመሩትን ሐሳብ ማጣት፣ ሒሳብ መሳሳት ብዙዎች ያጋጥማቸዋል። ይህን የማታውቅ የባንክ ሠራተኛ ወይም መምህርት «አእምሮዬን ልስት ነው ወይ?» እያለች ብቻዋን ትፈራለች። በመሥሪያ ቤት ሙሉ ሰዓት ሙሉ ሥራ ከሚጠብቃት፣ ለጥቂት ወራት በግማሽ ቀን እየጀመረች እንድትጨምር ቢደረግ አሠሪውም ልምድ ያላትን ሠራተኛ አያጣም።

ፍርሃቱም አለ። ጠቅላላ ምርመራ ሲቀርብ፣ ወገቧን ሲያማት፣ ስትስል። «እምነትሽ የት ሄደ?» ይሏታል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኦክስፎርድ የተመራ፣ ከ62 ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት አለ። በሆርሞን የሚመራ ካንሰር ይዟቸው ለ5 ዓመት ክኒናቸውን ወስደው ጤነኛ የነበሩ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ መካከል እጢያቸው ከ2 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠና ንፍፊታቸው ንጹሕ የነበረው እንኳ ከዚያ በኋላ ባሉት 15 ዓመታት ካንሰሩ ሩቅ ቦታ የመመለስ ዕድሉ 13 በመቶ ነበር። አብዛኞቹ አይመለስባቸውም ማለት ነው፤ ፍርሃታቸው ግን መሠረት የለሽ አይደለም። «እርሺው» ከሚላት ይልቅ በምርመራው ቀን አብሯት የሚቀመጥ ሰው ይጠቅማታል።

አንዳንድ ሐኪሞችና የጤና ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ማውራት ሴቶችን ያስፈራል፣ ምርመራ እንዳይመጡ ያደርጋል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የጡት ካንሰር ይገኛል፣ ወደ 9 ሺህ የሚሆኑት ይሞታሉ፤ ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ዘግይተው ነው። በጥቅምት ወር የሚደረገው ቅስቀሳ «በጊዜ ከተገኘ ይድናል» በሚል አጭር መልእክት ላይ ማተኮሩም ከዚህ አንጻር ልክ ነው። ነገር ግን ምርመራው ከተረጋገጠ በኋላ መልእክቱ እዚያው መቆሙ ዋጋ ያስከፍላል። በሰሜን ካሊፎርኒያ 8,769 ሴቶችን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት የሆርሞን ክኒናቸውን ለታዘዘው ጊዜ በሙሉ በአግባቡ የወሰዱት 49 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አግኝቷል። እነዚህ መድኃኒት ያልጠፋባቸው፣ መድን ያላቸው ሴቶች ናቸው። ታሞክሲፌንን 5 ዓመት መውሰድ በጡት ካንሰር የመሞትን ዕድል በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ሸክሙን አሳንሶ መናገር ሴቲቱን ያልተዘጋጀች ያደርጋታል፤ ያልተዘጋጀችም ሰው ቶሎ ታቋርጣለች። በጊዜ የተገኘው ካንሰር የሰጠው ዕድል እዚህ ላይ ያልቃል።

ለዚያ ክኒን ደግሞ ብዙ ሊደረግ ይችላል። የሌሊት ላቡና የሚነሣው ሙቀት ከበዛባት ሐኪሟ ቬንላፋክሲንን የመሰለ መድኃኒት ሊሰጣት ይችላል። ፓሮክሰቲንና ፍሉኦክሰቲን ግን የታሞክሲፌንን ሥራ ሊያዳክሙ ስለሚችሉ የድብርት መድኃኒት ሲታዘዝላት ታሞክሲፌን ላይ መሆኗን መናገር አለባት። ሌሎቹን የሆርሞን ክኒኖች፣ አናስትሮዞል ወይም ሌትሮዞል፣ የምትወስደውን መገጣጠሚያ ካመማት ቋሚ የእግር ጉዞና የሰውነት እንቅስቃሴ ይረዳል፤ ካልሆነም ክኒኑ በሌላ ይቀየራል። ከታሞክሲፌን ጋር ያልተለመደ ደም ከማኅፀን ከመጣ፣ አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። ክኒኑን በራሷ ከማቆሟ በፊት ግን «ይህ መድኃኒት እንዲህ እያደረገኝ ነው» ብላ ለሐኪሟ ትንገረው። ሐኪሙም ሳትናገር ይጠይቃት፤ በየቀጠሮው፣ አምስቱንም ዓመት።